«ራጁ ንጹህ ነው» ማለት «ጉልበቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም

የስንት ወጣት የኳስ ሕይወት በአንድ አረፍተ ነገር ተበላሽቷል፦ «ራጁ ንጹህ ነው፤ ትንሽ አርፈህ ተመለስ»።

ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ጉልበትን አጥብቀው የያዙት አራት ዋና ዋና ጅማቶች በራጅ አይታዩም። ከእነሱ አንዱ የሆነው ኤሲኤል ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ እንኳ ራጁ ንጹህ ሊሆን ይችላል። አጥንት አለመሰበሩ መልካም ዜና ነው፤ የምርመራው ማብቂያ ግን አይደለም።

«እንግዲያው ኤምአርአይ ይነሳ» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ኤምአርአይ ጅማቱንም፣ በአጥንቶቹ መሐል ያለውን ሜኒስከስ የተባለ ልም አጥንትም ያሳያል። ነገር ግን ማሽኑ በየወረዳው የለም፤ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ከማሽኑ በፊት ያለው ምርመራ ደግሞ መሣሪያ አይጠይቅም፦ መጠየቅና በእጅ መመርመር።

ተጫዋቹ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ «ቋ» አለ? በሰዓታት ውስጥ አበጠ? ሲዞር ይከዳዋል? እነዚህ ከተገጣጠሙ ኤሲኤል መጠርጠር አለበት። ቀጥሎ የላክማን ምርመራ አለ። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ባለሙያው በአንድ እጁ ጭኑን አጥብቆ ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ከጤነኛው እግር ይልቅ ከተንሸራተተና መጨረሻው ላይ ቀጥ ብሎ ካልቆመ፣ የመበጠስ ምልክት ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1976 በሕክምና መጽሔት የታተመ ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

እጅ አይሳሳትም ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙና እብጠቱ ምርመራውን ያስቸግራሉ፤ ስለዚህ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፦ ጥርጣሬ ሲኖር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ።

ጅማቱ መበጠሱ ሳይታወቅ ወደ ሜዳ የተመለሰ ተጫዋች ግን ጉልበቱ በከዳው ቁጥር ሜኒስከሱን ለመቀደድ ያጋልጠዋል። ማሸትም የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም። ኤሲኤል በቀዶ ሕክምና ከራሱ አካል በተወሰደ ጅማት ሊተካ ይችላል፤ ያለቀ ልም አጥንት ግን እንደነበረ አይመለስም።

«ማሽን ይገዛ» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እስኪገዛ ግን የጤና ጣቢያ ባለሙያውንና የክለቡን ወጌሻ ማሠልጠን ይቻላል፤ ወጪው ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም።

ተጫዋቹና ቤተሰቡም «ራጁ ንጹህ ነው» ሲባሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይውጡ፦ «ጅማቱስ ተመረመረ?»