ሕዳሴን የሚያኖረው ደጋው ነው

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል ኖርን። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ማደሪያ አገኘ። አገዛዙን ብቃወምም፣ እዚህ ኮንኮርድ ሆኜ ደስ ብሎኛል፤ ግድቡ የሕዝብ ነውና።

ይሁን እንጂ ትውልደ ሱዳናዊው የኤም.አይ.ቲ. የውሃና የአየር ንብረት ምሁር ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ክፍለ ዘመን የአባይ ፍሰት ከዓመት ዓመት የሚያሳየው መዋዠቅ በ50 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ጎርፍና ድርቅ ሲፈራረቁ የሚያሻግረን የተጠራቀመው ውሃ ነው። የውሃውን ቦታ የሚሻማው ደግሞ ከተራቆተው ደጋ የሚታጠበው ደለል ነው።

ደለሉን የሚያስቀረው የገበሬው እርከን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት በተጀመረበት የአማራ ክልል ገበሬው እርከን ይሥራ ወይስ ከድሮን ይሸሸግ? ግድቡን እወዳለሁ የሚል መንግሥት አስቀድሞ ለደጋው ሰላም ይስጥ!