ለትምህርት ስለሚገባ ዕዳ

ከሎንዶን ከተማ አንድ አባት ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ጽፈው ምክር ጠይቀውናል። የበኵር ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በመልካም ውጤት ፈጽማ፥ ሒሳብ ለመማር አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። እርሳቸው ግን የምትፈርመውን የብድር ውል አይተው ልባቸው ደነገጠ። «እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ አባቴ በዘር ብድር ምክንያት ሁለቱን በሬዎቹን ሲነጠቅ በዐይኔ አይቻለሁ። ልጄን በ18 ዓመቷ የ55 ሺሕ ፓውንድ ባለዕዳ ላድርጋት? ወይስ ሱቅ ተቀጥራ ደመወዟን ትብላ?» ይላሉ።

የእኚህን አባት ፍርሃት አናቃልለውም። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ በቈየንበት ዘመን፥ ስለ ብድር ቤቱን የለቀቀ፥ ዋስ ሆኖ ዕዳ ከሜዳ የመጣበት፥ ከወንድሙም ጋራ የተቈራረጠ አያሌ ሰው አይተናል። ነገር ግን ከዚያው ሥራ የተማርነው አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም የዕዳ ክብደት በገንዘቡ ብዛት ብቻ አይመዘንም፤ ማን ይከፍላል፥ መቼ ይከፍላል፥ ባይችልስ ምን ይሆናል ተብሎ በውሉ ቃል ይመዘናል። ስለዚህ አስቀድመን ውሉን እናንብብ፤ ዓመተ ምሕረቱንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲዎች እንዲያስከፍሉ የተፈቀደላቸው ከፍተኛው የትምህርት ዋጋ በ2025 በዓመት 9,535 ፓውንድ ሆነ። ለመኖሪያ የሚሰጠው ብድር ደግሞ፥ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጅ፥ በዚያው ዓመት ከወላጆቿ ቤት እየተመላለሰች ብትማር እስከ 8,877፥ በሎንዶን ተከራይታ ብትኖር እስከ 13,762 ፓውንድ ነበረ። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ የ3 ዓመቱ ድምር ከቤቷ ለምትማረው ወደ 55 ሺሕ፥ ተከራይታ ለምትኖረው ወደ 70 ሺሕ ፓውንድ ይጠጋል።

ከ2023 ኦገስት ወር ጀምሮ ትምህርት ለሚጀምሩት የወጣው የብድር ሥርዐት እንዲህ ይላል። ተበዳሪዋ ተማሪዋ ራሷ ናት፤ አባት ዋስ አይሆንም፥ ቤትም በመያዣ አይሰጥም። ከተመረቀች በኋላ ደመወዟ ከተወሰነው ልክ ካላለፈ ምንም አትከፍልም፤ ይህም ልክ በ2023 ሲወሰን በዓመት 25,000 ፓውንድ ነው። ሲያልፍም የምትከፍለው ከትርፉ ላይ ከመቶው 9 እጅ ብቻ ነው። ሥራ ብትፈታ ክፍያው ይቆማል። ክፍያው ከሚጀምርበት ጊዜ አንሥቶ 40 ዓመት ሲሞላ የቀረው ሁሉ ይሰረዛል፤ ብትሞትም ዕዳው አብሮ ይቀራል እንጂ ለወላጅ አይተላለፍም።

ምሳሌ እንስጥ። በ2025 ሴፕቴምበር በእንግሊዝ አገር ከሎንዶን ውጭ የጀማሪ መምህር ደመወዝ 32,916 ፓውንድ ነበረ። ከዚህ 25,000 ሲነሣ 7,916 ይቀራል፤ ከመቶው 9 እጅ ቢወሰድ በዓመት 712፥ በወርም 59 ፓውንድ ያህል ነው። በአገራችን የወጪ መጋራት ውል ፈርመው የተመረቁ አንባቢዎቻችን ከደመወዝ ላይ መቈረጥ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ይህም ዕዳ ከአራጣ አበዳሪ ይልቅ ግብርን ይመስላል።

ይህን ስንል ጕዳቱን አንሸሽግም። ብድሩ እንደ ኑሮ ውድነቱ መጠን ወለድ ይጨመርበታል። ወለዱ ከመቶ 3 ቢሆን በ55 ሺሕ ላይ በዓመት 1,650 ፓውንድ ይመጣል፤ 712 የምትከፍለዋ መምህርት እየከፈለችም ዕዳዋ ሲያድግ ታያለች። 40 ዓመትም ቀላል ዘመን አይደለም፤ በ21 ዓመቷ የተመረቀች ልጅ ከ60 ዓመቷ በላይ ድረስ ልትከፍል ትችላለች። ሱቅ ብትቀጠር ኖሮ በ3 ዓመት ታገኘው የነበረውም ደመወዝ ከሚዛኑ ላይ መግባት አለበት።

በሌላው የሚዛን ወገንስ ምን አለ? በሎንዶን የሚገኘው የፊስካል ጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ምርመራ፥ ሒሳብ ከሕክምናና ከኤኮኖሚ ትምህርት ጋራ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚያስገኙት ተቈጥሯል፤ የእነዚህ ምሩቃን ከአማካዩ ምሩቅ ቢያንስ ከመቶ 30 እጅ የበለጠ ያገኛሉ። እርግጥ ከዚህ ብልጫ ከፊሉ ቀድሞም ጐበዝ ተማሪዎች ከመሆናቸው የመጣ ነው። ያው ተቋም በ2020 እንደ ገለጸው፥ በጠቅላላው ከአምስት ተማሪዎች አራቱ ዕዳውና ግብሩ ተቀንሶላቸው እንኳ በዩኒቨርሲቲ በመማራቸው ይጠቀማሉ፤ አምስተኛው ግን ባይማር ኖሮ ገንዘቡ ይበዛ ነበር። ሒሳብ ወደ ባንክ፥ ወደ ኢንሹራንስ፥ ወደ ኮምፒዩተር ሥራና ወደ መምህርነት ስለሚያደርስ፥ የሒሳብ ተማሪ አምስተኛው የመሆን አደጋው ከብዙዎቹ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ለእኚህ አባት የምንለው ይህ ነው። የአባትዎን በሬዎች የወሰደው ብድርና ይህ ብድር ስማቸው አንድ ነው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ያኛው አዝመራ ሲጠፋ ይጠይቃል፤ ይህኛው አዝመራ ሲጠፋ ዝም ይላል። ስለዚህ በብድሩ ምክንያት ብቻ ልጅዎን አይከልክሏት። ከቻሉ አንድ ክፍል ለቀውላት ከቤት እየተመላለሰች ትማር፤ ወደ 15 ሺሕ የሚጠጋ ዕዳ ይቀርላታልና።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይጠይቋት። «ልጄ ሆይ፥ ሒሳብን የምትወጂው ውጤትሽ ስላማረ ነው ወይስ ማታ ማታ ሳይጠሩሽ የምትቀመጪበት ስለ ሆነ ነው?» ይበሏት። በመካከል ትምህርቷን ብታቋርጥ እስከዚያ የወሰደችው ብድር ይቀራል፤ ምስክር ወረቀቱ ግን የለም። በፍርድ ቤት ካየናቸው ዕዳዎች ሁሉ የሚመረው ላልተፈጸመ ነገር የሚከፈለው ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ከመፈረምም ማንበብ ይቅደም፤ አባትና ልጅ ውሉን በአንድ ገበታ ተቀምጠው ያንብቡት፥ እርሷም ሒሳቡን ራሷ ሠርታ ታሳያቸው። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ፈተና በቤቷ አለፈች ማለት ነው።