ከባላገሩ ማሳ የተወሰደው አፈር በካርታ ሆኖ ወደ ማሳው ይመለስ ዘንድ

ከደብረ ማርቆስ አንሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ያለው የጎጃም ደጋ አፈር፥ ከብዙ ዘመን እርሻና ከብዙ ክረምት ዝናም የተነሣ ኃይሉን አጥቶ መኮምጠጡ ለወረዳ ሹማምንት የተሰወረ ነገር አይደለም። በስናንና በማቻከል፥ በጎዛምንም፥ ቀድሞ ገብስና ባቄላ ያበቅል የነበረ መሬት ዛሬ ለእንግዶና ለባሕር ዛፍ የተተወበት ስፍራ ይገኛል። ምክንያቱም በምርመራ ታውቋል። ዝናሙ ለአፈሩ የሚጠቅመውን ማዕድን አጥቦ ሲወስድ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ በኮመጠጠውም አፈር ውስጥ አሉሚኒየም የአዝርዕቱን ሥር ይጎዳል፥ ፎስፎረስ የተባለውም ምግብ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያ በዚህ መሬት ላይ ሲበትን ገንዘቡን መቅበሩ ነው።

መንግሥት ይህን ለይቶ ለማወቅ ብዙ ደክሟል። ለብዙ ዘመን የነበረው ምክር ለሁሉም አንድ ነበር፤ ይኸውም ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነው። በ2004 ዓ.ም. ግን ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ሥራ ተጀምሮ ከየወረዳው አፈር ተነሣ፥ በብርሃን መሣሪያም ተመረመረ። ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ ሌላ ድኝ፥ ቦሮንና ዚንክም በብዙ ስፍራ እንደ ጎደለ ታወቀ። ውጤቱም በየክልሉ ልዩ ልዩ ቀለም በተቀባ ካርታ ታትሞ ወጣ፤ የማዳበሪያውም ዓይነት ተለወጠ። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው።

ነገር ግን አፈሩ ከማን ማሳ እንደ ተነሣና ካርታው በማን ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ማስተዋል ያስፈልጋል። አፈሩ የገበሬው ነው፤ ካርታው የሚሰቀለው ግን በመሥሪያ ቤት ነው። ካርታው ያሳየውም ሁሉ በዓይን የታየ አይደለም። አፈር የተነሣበት አንዱ ስፍራ ከሌላው ይርቃል፤ በመካከል ያለውን ቀለም የሞላው የሒሳብ መሣሪያ ነው። እርሱም ከሳተላይት የተነሣውን ሥዕል ከተራራው ከፍታና ከዝናሙ ልክ ጋር አዛምዶ ይገምታል። ግምቱ የብልኅ ግምት ነው፤ ቢሆንም ግምት ነው። በጮቄ ግርጌ የሚያርስ ሰው አመድና ፍግ ሲጠጣ የኖረው የጓሮ መሬቱ ከሩቁ ማሳው ጋር አንድ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ካርታው ግን ሁለቱን በአንድ ቀለም ይቀባቸዋል። ይህንንም ስሕተት ከገበሬው በቀር ሊያርመው የሚችል የለም።

ቀለሙም ራሱ ትርጓሜ ያሻዋል። ካርታ ሠሪዎች ክፉውን በቀይ ማመልከት ልማዳቸው ነው። በጎጃም ግን ቀይ የአፈር ስም ነው፤ ባላገሩ አፈሩን ቀይ ነው፥ ዋልካ ነው እያለ ይለየዋል። እንግዲህ በካርታው ላይ ማሳውን በቀይ ቀለም ቢያይ፥ እርሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር ሊነግሩት እንደ መጡ ቢቈጥር አይፈረድበትም። ልኩም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሄክታር ሦስት ቶን ኖራ ያስፈልጋል ማለት በሠንጠረዥ ላይ ያማረ ቃል ነው፤ ለገበሬው ግን ለአንድ ጥማድ ሰባት ኩንታል ተኩል፥ በአህያም ቢጫን አሥራ አምስት ጭነት ያህል ነው ቢባል ያን ጊዜ ማሰብ ይጀምራል፤ አህያውን፥ መንገዱን፥ ጭቃውንም ያስባል።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሹም የአገሩን ታሪክ ያስታውስ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ባላገር ይህ የቀላድ መጣል መጀመሪያ ነው፥ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። በሞጣ፥ በቢቸናና በዳሞት ነገሩ ጦር እስከ መላክ ደረሰ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፥ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። ዛሬ በከረጢት አፈር ይዞ የሚሄደው ወጣት ባለሙያ የቆመው በእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ማሳ ላይ ነው። ምን ልትወስድ መጣህ ቢሉት ቊጣ አያስፈልገውም፤ ጥያቄው የቆየ ነው።

ስለ ድምፁም እንዲሁ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 ስልክ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይከፍል ደውሎ በቋንቋው ምክር እንዲሰማ አድርጓል። በዚያ የሚሰማው ቃል ባለሙያዎች አስቀድመው የመዘኑት ነው። አሁን የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ቃሉን በዚያው ቅጽበት ራሱ ያዘጋጃል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ፋርመር ቻት ብሎ የሰየመውን እንዲህ ያለውን መሣሪያ በኢትዮጵያም አስጀምሯል። መሣሪያው የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ በአማርኛ ስለ እርሻ የተጻፈው ደግሞ ጥቂት ነው፥ ስለ እንግዶማ እጅግ ጥቂት። ገበሬው ገብሴ ቢጫ ሆነ ብሎ ቢጠይቅ ምክንያቱ የናይትሮጅን ማነስ ወይም ውሃ መተኛት ወይም የአፈሩ መኮምጠጥ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ግን ያወቀውንና የገመተውን በአንድ ዓይነት የረጋ ቃል ይናገራል፤ አላውቅም ማለት ይከብደዋል። (ይህ ጠባይ ያለባቸው ሰዎችም በመሥሪያ ቤት አይታጡም።) ስለዚህ መልሱ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ እጅ አልፎ፥ ማሳው ታይቶ ለገበሬው ቢደርስ ይሻላል። ሠራተኛውም በስልኩ ብቻ አይታመን፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ከወረቀትና ከሰው አፍ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም።

መልካም ምሳሌ የለም አይባልም። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ቢጫ ዋግ የአገሩን ስንዴ ከፈጀ በኋላ፥ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሲሚት፥ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ጋር ተባብሮ፥ ነፋስ የዋጉን ዱቄት ወዴት እንደሚወስድ አስቀድሞ የሚተነብይ ሥራ አቋቋመ። በዚህ ሥራ መስክ ወርዶ ዋጉን ያየ ሰው ያየውን ይልካል፤ ትንቢቱም መድኃኒት ለመርጨት ጊዜ ሳለ ወደ መስኩ ይመለሳል። የአፈሩ ካርታ የጎደለው ይህ መመላለስ ነው።

ኖራ ከዘር አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። እንግዲህ የየቀበሌው ካርታ በጥማድና በጭነት ተተርጉሞ፥ ከጎኑም ባዶ ስፍራ ተትቶለት፥ በመጋቢት ወር ለገበሬዎቹ ጉባኤ ይቅረብ። ማሳዬ እንዲህ አይደለም የሚል ሰው ቃሉ በባዶው ስፍራ ይጻፍለት፤ ወረቀቱም ሚያዝያ ሳያልቅ ካርታውን ወደ ሠሩት ባለሙያዎች ይላክ፥ የኖራውም ማዘዣ ከዚያው ጋር። በሰኔ የሚደርስ ኖራ በቀበሌው መጋዘን ይከርማል፤ ጣሪያው የሚያፈስ እንደ ሆነም ይጓጉላል።