የቦቢ እግር ለምን ሸተተ?

ስለ ባልና ሚስት በሚወራበት ዓምድ ላይ ዛሬ ስለ ውሻ እግር ልጽፍ ነው ብላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም። ነገር ግን ይህ የውሻ እግር በእኛ ቤት ባልና ሚስትን አኳርፎ ያውቃል።

አንድ ክረምት የግቢያችን ጠባቂ ቦቢ የፊት እግሮቹን ሌሊቱን ሙሉ ይልስ ጀመር። በጣቶቹ መካከል ያለው ነጭ ፀጉር እንደ ዝገት ቀላ፣ ቆዳው ወዛም ሆነ፣ ሽታው ደግሞ ተረስቶ የከረመ ቡኮ ነው የሚመስለው። ቤታችን እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ስለሆነ አፈርኩ። ቆሻሻ ነው ብዬ በየቀኑ በልብስ ዱቄት ሳሙና አጠብኩት፤ አልለቅ ሲለኝ በረኪና በጥብጬ ጨመርኩበት። ውሻው ጮኸ። ባለቤቴ «የታመመ ፍጥረት ታሠቃያለሽ እንዴ?» ሲለኝ፣ እኔም «እንግዳውን የሚቀበለው ማን ሆነና!» ብዬ መለስኩለት። ሁለት ቀን «ምሳ ቀርቧል» ከማለት በቀር አልተነጋገርንም። ትንሹ ልጃችን ግን ቦቢን ከእኔ ይደብቀው ጀመር፤ ከባለቤቴ ቃል ይልቅ እሱ ነው ልቤን የነካው።

በኋላ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ በጣቶቹ መካከል ፕላስተር ለጥፎ አነሳና ቀለም አስነክቶ በማይክሮስኮፕ አየው። ማላሴዚያ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ነበር። ይህ ፈንገስ በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይም በጥቂቱ ይኖራል። ቆዳው እርጥብ ሆኖ ሲውል ወይም በአለርጂ ሲቆጣ ግን ያለ ልክ ይራባል። ያሳክከዋል፣ ይልሳል፤ ምራቁ ያረጥበዋል፣ ፈንገሱም ይበዛል። የእኔ እጥበት ቆዳውን አቃጥሎ፣ ሳላደርቀው ስለምለቀውም እርጥበቱን ጨምሮለት ኖሯል!

እንግዲህ በቤት ውስጥ የሚደረገው ይህ ነው። ክሎርሄክሲዲንና ማይኮናዞል በየ2 በመቶ ያለበት የውሻ ሻምፑ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ይጠየቃል። እግሩን ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ፣ ሻምፑውን በጣቶቹ መካከልና በጥፍሩ ሥር አሹት። ከዚያም ሳትለቀልቁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ከታጠበ መድኃኒቱ ሥራውን አይሠራም። እስከዚያው እንዳይልሰው አንድ ሰው ያጫውተው፤ በእኛ ቤት ይህ የልጃችን ሥራ ሆነ። ከዚያ በደንብ አለቅልቃችሁ በደረቅ ፎጣ ጣት በጣት አድርቁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ሳምንት ያህል ይቀጥላል። ሽታው ቀደም ብሎ ቢጠፋም አታቋርጡ። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ከጭቃ በተመለሰ ቁጥር እግሩን ማድረቅ ብቻ ነው። መኝታውም ከመሬት ከፍ ይበል፣ የሚነጠፍለትም ይድረቅ።

የታመመ እግር ሲነካ ለማዳም ውሻ ሊናከስ ይችላልና የሚያምነው ሰው ይያዘው። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውምና «የቤት ውሻ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ምክር የሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም። አንዲት ጎረቤቴ «እንጀራው እርሾ አለበትና ከልክይው» ብላኝ ነበር። የእግሩ ፈንገስ ግን የሚመገበው የቆዳውን ቅባት ነው፤ ከሊጥ እርሾ ጋር የሚያገናኘው የለም። ነጭ ሽንኩርት መቀባትም አለ፤ ውሻ የተቀባውን ይልሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ዘመድ ከውጭ የላከላችሁ የቲ ትሪ ዘይትም እንዲሁ። ቫዝሊን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። አቼቶ በውኃ አቅጥነው የሚጠቀሙ አሉ፤ በተላጠ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላል፣ እኔ ሻምፑውን እመርጣለሁ።

የሚልሰው አንድ እግሩን ብቻ ከሆነ መጀመሪያ እሾህ ወይም መዥገር ፈልጉ። ቢያነክስ፣ መግል ወይም ደም ብታዩ፣ ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ካልተሻለው በቤት አትቆዩ። ድኖ ከተመለሰበት ደግሞ ሥሩ ሌላ ነው። ቁንጫ ሊሆን ይችላል፣ የአየር ወይም የምግብ አለርጂ ሊሆን ይችላል። በምግብ በኩል ብዙ ጊዜ የሚገኘው የበሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ወተትና ስንዴ ነውና የትኛው እንደሆነ ከሐኪም ጋር ሆኖ በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል።

እናቶች ለልጆቻችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ይህ ፈንገስ ጤነኛ ሰውን እምብዛም አያሰጋም፤ ከነካችሁት በኋላ እጅ መታጠብ ይበቃል። አራስ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ግን ጥንቃቄው ይጨምር። ጭርት ከሆነ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግርም ነው ምርመራው የሚያስፈልገው።

አሁን ከበረንዳችን በር አጠገብ አንድ አሮጌ ፎጣ ተሰቅሏል። ጠዋት ባለቤቴ፣ ማታ እኔ ነን። ቦቢም ፎጣውን ሲያይ ሳይጠሩት እግሩን ያነሣል፤ በረኪናውን ያሸተተ ቀን ግን እስከ ዛሬ ከአጥሩ ጥግ አይወጣም።