ስቱኮ ይብቃን!

ተዋጥተን የገዛናት የፋይበር ግላስ ካያክ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ነክቷት ሆዷ ተሰነጠቀ። ባለሙያ ተብዬው «ስቱኮ ግጥም፣ ቀለም ቀባ፣ አለቀ!» አለን።

አላለቀም ወዳጃችን! የመኪና ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ቀለሙ ያብለጨልጫል፣ ከስሩ ፋይበሩ እንደተሰበረ ነው። ታናናሾቻችንን የምናሳፍረው እኮ በዚህች ጀልባ ነው!

በሳንቲም መታ መታ አድርጉ፤ ድምፁ የደነዘዘበት ቦታ ውስጡ ለቋል። የላላውን ፍቁ፣ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሳሱ፣ አድርቁ (ማድረቁን ሁሉም ይዘለዋል!)። ከዚያ የፋይበር ጨርቅ በፖሊስተር ሬዚን ነክራችሁ ከስንጥቁ አስፍታችሁ ደርቡ። ማጠንከሪያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ መገልበጥ ሬዚኑን አግሎ ያሰነጥቀዋል። ጄልኮቱ መጨረሻ ይመጣል።

ጊዜ ይፈጃል? እንግዲያው ሐይቁ መሃል ላይ በጣሳ ውሃ ቅዱ።