ወርቁን የምንመዝን ዓሣውንም እንመርምር

የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዜናው ሁላችንም ጋ ይደርሳል። ከወርቁ ጋር አብሮ ወንዝ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ግን የሚያወራ የለም።

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ለውጭ ገበያ ያቀረበችው ወርቅ ከ30 ቶን በላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4 ቶን ገደማ ነበር። በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መምጣቱ ለአገር መልካም ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ብዙው ወርቅ የሚመጣው በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በትግራይና በጉጂ በአካፋና በገበቴ ከሚሠሩ ባህላዊ አምራቾች ነው። ከእነሱም መካከል ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ሜርኩሪ፣ አባቶች ባዜቃ የሚሉትን፣ የሚጠቀሙ አሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሜርኩሪ በአሸዋው ውስጥ የተበተነውን ወርቅ ሰብስቦ ይይዛል። ድብልቁ እሳት ላይ ሲደረግ ሜርኩሪው ይተናል፤ ወርቁ ይቀራል። እንፋሎቱን መጀመሪያ የሚተነፍሰው አምራቹ ራሱና አጠገቡ ያሉ ልጆቹ ናቸው። ከእጥበቱ የተረፈው ወንዝ ይገባል። እዚያም በጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይቀይሩታል። ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፤ ትንሹን ትልቁ ይበላዋል፤ ትልቁን እኛ እንበላዋለን። በየደረጃው መጠኑ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። መጥበስም ሆነ መቀቀል አያጠፋውም።

ጃፓኖች ይህን የተማሩት በልጆቻቸው ነው። ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ ታወቀ፤ መንግሥት ምክንያቱን ያመነው ግን በ1968 ነው። በመካከሉ 12 ዓመት አለፈ። ጤነኛ የሚመስሉ እናቶች አካላቸውና አእምሯቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ።

ታዲያ ይህ የሐይቅን ሰው ምን አገባው? እዚህ ወርቅ የሚያጥብ የለ።

መልሱ ሐዋሳ ላይ አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ወርቅ አይታጠብም። ሆኖም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በትልልቅ የቢልጫ ዓሣዎች ውስጥ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ከሚለው ወሰን ያለፈ ሜርኩሪ አግኝተዋል። በዚያው ውሃ የሚኖረው ቆሮሶ ግን ዝቅተኛ መጠን ነበረው፤ ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ነው የሚበላው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሜርኩሪ ወርቅ ያለበት ቦታ ብቻ አይገኝም፤ በአየር ይጓዛል። የትኛው ዓሣ እንደያዘው ደግሞ ሳይመረመር አይታወቅም።

የእኛ ሐይቅም እንደ ሐዋሳ መውጫ ወንዝ የለውም። ከተሁለደሬና ከአምባሰል ተራሮች የሚወርደው ውሃ፣ ከከተማው ቆሻሻ ጋር፣ ይገባበታል። ውሃው ይተናል፤ ከባዱ ነገር ግን ከታች ይቀራል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ አንዴ ከተበከለ የሚያጥበው ጎርፍ የለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ700 ዓመት በላይ ከዚህ ውሃ ዳር ኖሯል። ዛሬም ከዚህ ዓሣ የሚበላው ዓሣ አጥማጁ፣ የሆቴሉ ደንበኛና የደሴ ገበያተኛ ነው።

የሐይቅ ዓሣ ተመርዟል አላልኩም። ማለትም አልችልም። የምለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለገደንቢ ላይ የሆነውን እናስታውስ። ነዋሪዎች ልጆቻችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድን ማውጫው ፈቃድ ታገደ። ጥያቄው አጀንዳ የሆነው ሰው ከጮኸ በኋላ ነው። መለካት የነበረበት ግን ከጩኸቱ በፊት ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የክልሉ አካባቢ ጥበቃና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ በየዓመቱ ናሙና ይውሰዱ። ውጤቱ መደርደሪያ ላይ አይቅር፤ ዓሣው በሚሸጥበት ቦታ ይለጠፍ። ንጹሕ ከሆነ ለአጥማጁ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ሁለተኛ፣ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ሲገዛ ያለ ሜርኩሪ ለተመረተው ጭማሪ ይክፈል። ባህላዊ አምራቹ እንጀራውን ነው የሚፈልገው፤ ፖሊስ ብቻ ብንልክበት ሜርኩሪውን ደብቆ ይጠቀማል። እንፋሎቱን መልሶ የሚይዝ ክዳን ያለው ማሞቂያ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ብድርና ሥልጠና ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ ሜርኩሪ ከየት ገብቶ ለማን እንደሚሸጥ ጉምሩክ ይከታተል። ወርቅን በድንበር መያዝ ከቻልን ባዜቃንም መያዝ አያቅተንም።

አባቶች "ወርቅ ላበደረ ጠጠር" ይላሉ። መሬቱ ወርቁን አበድሮናል። ጠጠር እንኳ ብንመልስለት በተሻለ ነበር፤ እኛ ግን መርዝ እየመለስንለት ነው።