ምን ስታይ ነበር?

ስልክ ላይ ድንገት ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ፣ ነገሌ ቦረና ላይ «ስልኩን ምን ነካው?» የሚል የለም። ቀድሞ የሚመጣው «ምን ስታይ ነበር?» ነው። ጠያቂው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወይ ብልግና ስታይ ነበር፣ ወይ የማታውቀውን ስትነካካ ነበር። ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል? ፊልቱ ሂዱ፣ ሞያሌ ሂዱ፣ እስከ ዶሎ ኦዶ ውረዱ፤ ያው ነው። ሁሉም የራሱን ስልክ ደብቆ በሰው ስልክ ይስቃል።

እኔ በቃኝ። ጥፋተኛው ባለስልኩ ነው የሚለው ወሬ ውሸት ነው። እናንተም ውሸት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ግን «አሃ! ይሄም አይቷል ማለት ነው» እንዳትባሉ ዝም ብላችኋል።

በቀደም አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት የግመል ወተት ነጋዴ ገቡ። ስልኩን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘውታል፤ እጃቸው ላይ እንዳይፈነዳ የፈሩ ይመስላሉ። ስክሪኑ ቀይ ነው። መሀሉ ላይ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ስልክዎ በ4 ቫይረስ ተጠቅቷል የሚል ጽሑፍ። ስልኩ ይነዝራል። ጠጋኙ ልጅ አንዴ ገረፍ አድርጎ አየውና «አዴ፣ ቫይረስ ጨርሶታል፤ ፍላሽ ካልተደረገ አይሆንም» አለ። ወደ ጓደኞቹ ዞሮም ዓይኑን ጠቀሰ። «ግን ምን ሲያዩ ነበር?» ሳቁ። ሴትዮዋ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው የተጠየቁትን ከፈሉ። ስልኩ ተመልሶ ሲሰጣቸው፣ ወተት በዱቤ የሚወስዱባቸው ሰዎች ቁጥር አንድም አልቀረም።

ልጁ ምን ማድረግ እንደነበረበት አያውቅም? በደንብ ያውቃል! ገጹን መዝጋት። በቃ። ለዚህ ግን ማን ይከፍለዋል?

ኢንተርኔት ላይ የተከፈተ ገጽ የስልካችሁን ሆድ የሚያይበት ዓይን የለውም። ቫይረስ ሊቆጥር አይችልም። የስልካችሁን ስም ጠርቶ «ሳምሰንግዎ ተጠቅቷል» ቢላችሁም አትደንግጡ፤ ገጹ ከጠየቀው ብራውዘሩ ራሱ የስልኩን ዓይነት ሊነግረው ይችላል። መንዘሩም ገጹ ውስጥ የተጻፈ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ያ ሁሉ ድራማ «አጽዳ» የሚለውን እንድትነኩ ነው። ስትነኩ አንድ «ጽዳት» ነኝ ባይ አፕ ይወርዳል፤ በማዶ ያለው ሰው በወረደው አፕ ልክ ኮሚሽኑን ይቆጥራል። ድንጋጤያችሁ ይሸጣል። በዚህ በኩል ደግሞ የጥገና ቤቱ ያንኑ ድንጋጤ ሁለተኛ ጊዜ ይሸጠዋል። የመንደሩ ሐሜት በነጻ ያሻሽጥላቸዋል። ቀን አደባባይ ላይ «ትውልዱ በስልክ ጠፋ» እያለ ሲሰብክ የዋለው ሽማግሌ፣ ሲመሽ የራሱን ስልክ በኪሱ ደብቆ የማን ደጅ ይቆማል መሰላችሁ?

እሺ፣ ከቴሌግራም «ነጻ ኢንተርኔት» የሚል አፕ አውርዶ በገዛ እጁ ስልኩን የሚያስበላ አለ። አልክድም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ምንም ያልነካውስ ሰው?

ነሐሴ 2012 ላይ የወጣውን ታስታውሳላችሁ? አታስታውሱም፤ ማንም ጮክ ብሎ አልነገራችሁም። አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ሴኪዩር-ዲ በሚለው የጥበቃ አገልግሎቱ፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለ ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች አገኘ። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ አብረውት የወጡ ናቸው። ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ሳይነካ፣ ተኝቶ እያለ በክፍያ ለሚሰጡ አገልግሎቶች ሊመዘግቡት ይሞክራሉ፤ ዳታውንና ካርዱን ይበላሉ። ኩባንያው ከ200 ሺህ በሚበልጡ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይት መዝግቤያለሁ አለ። የት የት አገር? ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያ። ኤክስሄልፐር ደግሞ ስልኩን ሙልጭ አድርጋችሁ ሪሴት ብታደርጉትም ተመልሶ ይመጣል። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ፣ ስሙን ባልጠራው አቅራቢ ላይ ጣለ፤ ማስተካከያውን ቀድሞ መልቀቁንም ተናገረ።

ስሙ ያልተጠራ አቅራቢ! አያችሁት? ፋብሪካ ሲያጠፋ ጥፋተኛው ስም የለውም። የወተት ነጋዴዋ ስልክ ሲበላሽ ግን ጥፋተኛዋ ስም አላት፣ ሻሽ አላት፣ መሳቂያም ትሆናለች። ያን የማስተካከያ ዜና ዶሎ ኦዶ መንገድ ላይ ስልክ ለገዛ የከብት ደላላ ማን ነገረው? በዳታ እጦት ስልኩን አዘምኖ የማያውቅ ሰው ማስተካከያው በየት በኩል ይደርሰዋል?

ከዚያ ደግሞ «ግንዛቤ» ይመጣል። ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ «ኅብረተሰቡ የማያውቀውን ሊንክ እንዳይነካ» ተብሎ ይበተናል። ስለ ሻጩ ቃል የለም። ስለ አስመጪው ቃል የለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጉዳት የሚያደርስ ፕሮግራም ማሰራጨትን ወንጀል ካደረገው ቆየ። ታዲያ አንዲት ሴት «ካርዴን ስልኬ ራሱ በላብኝ» ብላ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ ምን ትባላለች? ምን ስታይ እንደነበር ትጠየቃለች። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ነገሩ ከካርድም አልፏል። የከብት ሽያጭ ብር በስልክ ይገባል፣ በስልክ ይወጣል። ብሩ ባለበት ስልክ ላይ ማን እንደተቀመጠ መጠየቅ ነውር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ነገሌ እንዲህ ያለ ንቀት ስትችል የኖረች ከተማ አይደለችም። ጥር 1966 እዚሁ የሰፈረው ወታደር ያመፀው በሚበላውና በሚጠጣው ነበር። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም አሉ። ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራል ምን አደረጉት? ወታደሩ የሚበላውን አበሉት፣ የሚጠጣውን አጠጡት። እኔም የምለው ይኸው ነው። አስመጪው፣ ግንዛቤ የሚሉን ኃላፊ፣ ያ ዓይኑን የጠቀሰ ልጅ፣ ሁሉም ከገበያችን በጣም ርካሹን ስልክ ገዝተው ለአንድ ወር ይያዙት። ካርድ ይሙሉበት። ካርዱ የት እንደገባ ከዚያ እናወራለን።

እስከዚያው ግን ራሳችሁን አትርፉ። ቀዩ ገጽ ሲመጣ ላዩ ላይ ምንም አትንኩ፤ ታቡን ዝጉት። ማስታወቂያው ከላይ እየተንጠባጠበ ከቀጠለ አንድ ቀን «ፍቀድ» ብላችሁት ነው፤ ክሮም ሴቲንግ ገብታችሁ ኖቲፊኬሽን የፈቀዳችሁለትን ገጽ አስወግዱ። ይህን አድርጋችሁ፣ ብራውዘሩ ተዘግቶም ማስታወቂያ ከዘለለባችሁ አፕ አለ ማለት ነው። ማጥፊያውን ተጫኑ፤ «ፓወር ኦፍ» የሚለው ሲመጣ እሱን ይዛችሁ ቆዩ፤ ብዙ ስልክ በዚህ ወደ ሴፍ ሞድ ይገባል። እዚያ ጸጥ ካለ ጥፋተኛው በኋላ የተጫነ አፕ ነው፤ ፈልጋችሁ አጥፉት። አልጠፋ ካለ «ዲቫይስ አድሚን» የሚለው ውስጥ ሥልጣን ተሰጥቶት ይሆናል፤ መጀመሪያ ሥልጣኑን ንጠቁት። የቴሌብር ፒናችሁን ቀይሩ፤ ግን በዚያው በታመመው ስልክ አይሁን። ፍላሽ ይደረግ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ቁጥሮቻችሁን በወረቀት ሳትገለብጡ ስልኩን አትስጡት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ሪሴትም አድርጋችሁ ተመልሶ ከመጣ፣ በሽታው የፋብሪካው ሳይሆን አይቀርም። ደረሰኙን ይዛችሁ ወደሸጠላችሁ ሱቅ ሂዱ። ገበያ በደራበት ቀን ሂዱ፤ ሰው ይስማ። ሌላ ስልክ ወይም ብራችሁን ሳይሰጣችሁ ከደጁ አትነሱ።